የጣናው ደንገል

ዛሬ ወደ ጣና ሐይቅ እንወስዳችኋለን። እዚያ የምናሳያችሁ አንድ ተክል ነው። ስሙ ደንገል ይባላል። በእግራችን ሄደን አይተነዋል፤ በእጃችንም ዳስሰነዋል። ከደንገል ጋር የሚኖሩትን ሰዎች ጠይቀን የነገሩንን እንነግራችኋለን።

ባሕር ዳር ከተማ የደረስነው በጥር ወር ነው። ሦስት ሆነን ነበር የሄድነው። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ተነሳንና ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ውሃው ጸጥ ብሏል። ከሩቅ አንድ ጥቁር ነገር አየን። አንዳችን «ጉማሬ ነው» አለ። ሌላችን «የለም፣ ግንድ ነው» አለ። ነገሩ ቀስ እያለ ቀረበ። ለካስ ጉማሬም ግንድም አይደለም። እንጨት የጫነ ታንኳ ነው! የእንጨቱ ክምር ከቀዛፊው ራስ በላይ ነው። ሰውየው ተቀምጦ በረጅም ቀርከሃ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ውሃውን ይገፋል።

ታንኳው ዳር ሲደርስ ሰውየው ዘሎ ወረደ።

«ደህና አደርክ ወንድማችን? ከየት ነው የመጣኸው?» አልነው።

«ከዘጌ ነው» አለን። «ሌሊት ነው የተነሳሁት። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። ማዕበል ሲኖር ጭነት ይዞ መቅዘፍ አይመችም።»

ዘጌ በጣና ደቡብ ምዕራብ በኩል ወደ ውሃው የገባ መሬት ነው። በጫካ ቡናውና በገዳማቱ የታወቀ አገር ነው። በዘጌ መሬት በሬ ጠምዶ ማረስ በልማድ የተከለከለ ነው። ስለዚህ የዘጌ ሰው ቡናውንና እንጨቱን ሸጦ እህል ይገዛል። ይህን ሁሉ ገበያ ሲያደርስ የኖረው ታንኳ ነው። ዛሬ የሞተር ጀልባ አለ። ታንኳ ግን አልጠፋም። ታንኳ ነዳጅ አይጠይቅማ!

ታንኳውን ቀረብ ብለን አየነው። ሚስማር የለውም። ሳንቃም የለውም። ከጫፍ እስከ ጫፍ የታሰረ ደንገል ነው። «ይህ ደንገል የሚሉት ተክል ምን ዓይነት ነው?» ብለን ፍለጋ የጀመርነው ያን ጊዜ ነው።

ደንገል ምን ዓይነት ተክል ነው?

ስለ ደንገል ከመናገራችን በፊት ስለ ሐይቁ ጥቂት እንበል። ጣና በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ማለት ርዝመቱ አንድ ኪሎ ሜትር፣ ወርዱም አንድ ኪሎ ሜትር የሆነ ቦታ ነው። ጣና ግን የስፋቱን ያህል ጥልቅ አይደለም። በጣም ጥልቅ የሆነው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ የሚባሉ ወንዞች ይገቡበታል። የሚወጣው ትልቅ ወንዝ ግን አንድ ነው፤ እሱም ዓባይ ነው። ዓባይ ከጣና የሚወጣው እዚያው ባሕር ዳር አጠገብ ነው።

ደንገል የሚበቅለው በሐይቁ ዳር፣ ረግረግ በሆነው ቦታ ነው። ሥሩ ሁልጊዜ ውሃና ጭቃ ይፈልጋል። ቁመቱ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ሁለት ሰው ቢደራረብ ነው የሚያክለው። አገዳው ለስላሳ ነው፤ በመካከሉ ቅጠል የለውም። በጣት ሲዳሰስ ሦስት ጠርዝ አለው። አንዱን ቆርጠን ውስጡን አየነው። ውስጡ ነጭ ነው። አየር የያዙ ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ደንገል በውሃ ላይ የሚንሳፈፈው በዚህ አየር ምክንያት ነው።

ከአገዳው ጫፍ ላይ እንደ ጭራ የተበተነ ቀጭን ክር አለ። መጀመሪያ አረንጓዴ ነው። አብቦ ሲበስል ወደ ቢጫና ወደ ቡናማ ይለወጣል። የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ዳር ዳሩ ሁሉ ቢጫ ይመስላል።

ደንገል የቄጠማ ዘመድ ነው። በበዓል ቀን ቤታችሁ የምትጎዘጉዙትን ቄጠማ አገዳውን በጣታችሁ ዳስሱት። እሱም ብዙውን ጊዜ ሦስት ጠርዝ አለው። ዝምድናቸው በዚህ ይታወቃል።

ደንገል እንደ ጤፍና እንደ ገብስ በየዓመቱ አይዘራም። ወፍራም ሥሩ ጭቃ ውስጥ እንደ ዝንጅብል አግድም ይሄዳል። ከዚያ ሥር ላይ አዲስ አዲስ ቡቃያ ይወጣል። አገዳው ቢታጨድ ሥሩ እስካለ ድረስ ይተካል። ሥሩ ከተነቀለ ግን አለቀ። ይህን ነገር ልብ በሉ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ታንኳ እንዴት ይሠራል?

በጣና ዳር ነገደ ወይጦ የሚባሉ ወገኖቻችን ይኖራሉ። ቋንቋቸው አማርኛ ነው። ታንኳ መሥራት ከአባት ከአያት የወረሱት ሙያ ነው። ድሮ ጉማሬ ያድኑ ነበር። ዓሣም ያጠምዳሉ። በሙያቸው ምክንያት ሰው ብዙ ዘመን ሲንቃቸው ኖሯል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። እነሱ የሠሩት ታንኳ ባይኖር ኖሮ የጣና ገበያም ሆነ የደሴቶቹ ሰው እንዴት ይኖር ነበር?

አንድ ሽማግሌ ከደጃቸው ተቀምጠው ደንገል ሲያስሩ አገኘናቸው።

«አባባ፣ እንደምን አደሩ?» አልናቸው።

«አልሐምዱሊላሂ፣ ደህና ነኝ። እናንተስ ልጆቼ? ኑ፣ አረፍ በሉ» አሉን። እጃቸው ግን ሥራውን አላቆመም።

«አባባ፣ ታንኳ እንዴት ነው የሚሠራው? ይንገሩን።»

«ታንኳ በማጭድ ይጀመራል» አሉ። «መጀመሪያ የበሰለውን ደንገል መርጠህ ታጭዳለህ። ለጋው አይሆንም፤ ቶሎ ይበሰብሳል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለህ። ካልደረቀ ይከብዳል። ሲደርቅ በነዶ በነዶ ታስረዋለህ። ወፍራሙን እስር መካከል ታደርጋለህ፤ እሱ የታንኳው ጀርባ አጥንት ነው። ሌላውን በግራና በቀኝ እየደረብህ አጥብቀህ ታስራለህ። አፍንጫውን ወደ ላይ ቀና ታደርገዋለህ፤ ማዕበሉን እንዲወጣው። በመጨረሻ ውስጡ ላይ ደረቅ ደንገል ታነጥፋለህ። ሰውም ዕቃም የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው።»

«ውሃ አይገባውም እንዴ?»

«ይገባዋል እንጂ! ታንኳ እንደ ድስት ድፍን አይደለም። ውሃው በመሐሉ ይገባል፤ በመሐሉ ይወጣል። ግን አይሰምጥም። ደንገሉ ራሱ ይንሳፈፋላ!» ብለው ሳቁ።

እውነታቸውን ነው። የብረት ጀልባ የሚንሳፈፈው ሆዱ ባዶ ስለሆነ ነው። ከተቀደደና ውሃ ከሞላው ይሰምጣል። ታንኳን የሚያንሳፍፈው ግን በእያንዳንዱ አገዳ ውስጥ ያለው አየር ነው። አንዱ አገዳ ቢሰበር ሌላው ይይዘዋል።

«ዕድሜውስ ስንት ነው?» አልናቸው።

«እንደ አያያዙ ነው። ማታ ማታ ከውሃ አውጥተህ ካደረቅኸው ወራት ያገለግልሃል። ውሃ ውስጥ ትተኸው ከሄድክ ግን ይጠጣል፤ ይከብዳል፤ ይበሰብሳል። ያኔ ሌላ መሥራት ነው። ስለዚህ የታንኳ ሰው ሁልጊዜ ደንገል ይፈልጋል።»

እዚህ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ወደ ሐይቁ እያዩ እንዲህ አሉን፦

«ድሮ ደንገሉ እዚህ ከደጄ ነበር። ልጅ ሆኜ ደንገል ውስጥ ተደብቄ እናቴ ስትጠራኝ እሰማት ነበር። አሁን ለአንድ ታንኳ የሚሆን ደንገል ለማምጣት ግማሽ ቀን እቀዝፋለሁ። ልጄ ሙያውን አሳምሮ ያውቃል። ግን ‹አባዬ፣ ደንገሉ ካለቀ ሙያው ምን ያደርግልኛል?› ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስለት?»

እኛም መልስ አልነበረንም። ዝም አልን።

ሌሎች ጥቅሞቹ

የደንገል ጥቅም ታንኳ ብቻ አይደለም። በሐይቁ ዳር ስንዞር ያየነውንና የሰማነውን እንዘርዝርላችሁ።

አንደኛ፣ ከደንገል ምንጣፍና ቅርጫት ይሠራል። ለቤት ክዳንና ለአጥርም ይሆናል። ሁለተኛ፣ የደረቀው ለማገዶ ያገለግላል። ሦስተኛ፣ በበጋ ሣር ሲጠፋ ከብት ለጋውን ይበላል።

አራተኛው ጥቅም በዓይን ቶሎ አይታይም። ደንገል እንደ ጠላ ማጥለያ ነው። በክረምት ወንዞቹ ከደጋው አፈር ጠርገው ያመጣሉ። ደፍራሹ ውሃ ደንገል ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል። አፈሩ እዚያው ይዘቅጣል። ወደ ሐይቁ የሚያልፈው ውሃ ጠራ ያለ ይሆናል። ማጥለያው ከተቀደደ አተላው ሁሉ ጠላው ውስጥ ይገባል። ደንገሉ ከጠፋም አፈሩ ሁሉ ሐይቁ ውስጥ ይገባል።

አምስተኛ፣ ዓሦች በደንገሉ ጥላ ሥር ይጠለላሉ። ትንንሾቹ ዓሦች ከሚበላቸው የሚደበቁት እዚያ ነው። ወፎችም ጎጆ ይሠሩበታል። ስድስተኛ፣ ደንገል የማዕበሉን ጉልበት ይሰብራል። የሐይቁን ዳር አፈር በሥሩ ቋጥሮ ይይዛል።

አንድ ጥቅም ደግሞ አለ፤ እሱ ከንባብ ጋር የተያያዘ ነው። ከ4,500 ዓመት በፊት ግብፆች በደንገል ላይ ይጽፉ ነበር። የአገዳውን ነጭ ውስጥ በስስ በስሱ ይሰነጥቁታል። አንዱን ረድፍ በቁመት፣ ሌላውን ረድፍ በአግድም ይደርቡታል። ቀጥቅጠውና ተጭነው ያደርቁታል። ከዚያ ይጽፉበታል። አውሮፓውያን ደንገልን «ፓፒረስ» ይሉታል። እንግሊዞች ወረቀትን «ፔፐር» የሚሉት ስሙን ከዚሁ ተክል ወስደው ነው። የእኛ አባቶች ደግሞ በብራና ላይ ይጽፉ ነበር። ብራና የሚሠራው ከፍየልና ከበግ ቆዳ ነው። የዛሬው ወረቀት ከደንገል አይሠራም፤ ስሙ ግን በብዙ አገር ቋንቋ ቀርቷል።

ውቅያኖስ የተሻገረው ደንገል

ይህን ለሽማግሌው ስንነግራቸው ተገረሙ። እኛም ሌላ ታሪክ ጨመርንላቸው። ለእናንተም እንንገራችሁ።

ቶር ሄየርዳል የሚባል አንድ የኖርዌይ ሰው ነበር። «የጥንት ሰዎች በደንገል ታንኳ ታላቁን ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ ነበር» ብሎ ያስብ ነበር። ብዙ የተማሩ ሰዎች ግን «ደንገል በባሕር ውሃ ውስጥ ቶሎ ይበሰብሳል» ብለው አላመኑትም። ሰውየው «እንግዲያው ሠርቼ ላሳያችሁ» አለ።

ታንኳውን የሚሠራው ግብፅ ውስጥ ነበር። ደንገሉ ግን ከየት ይምጣ? የደንገልን ስም ለዓለም ያስተዋወቀችው ግብፅ ደንገሏን ከሞላ ጎደል አጥታ ነበር። ስለዚህ ደንገሉ የተወሰደው ከእኛው ከጣና ነው። ታጨደ፤ ደረቀ፤ ታሰረ፤ ወደ ግብፅ ተጓዘ። እዚያም ከቻድ ሐይቅ የመጡ ታንኳ ሠሪዎች ሠሩት። ስሙ «ራ» ተባለ። ራ የጥንት ግብፆች የፀሐይ አምላክ ስም ነው።

«ራ» በ1961 ዓ.ም. በግንቦት ወር ከሞሮኮ ተነሳ። ሰባት ሰዎች ነበሩበት። ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ የኋላው ክፍል ውሃ ጠጥቶ ዘቀጠ። ሰዎቹ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ትተውት ወጡ። ሰውየው ግን ተስፋ አልቆረጠም። በ1962 ዓ.ም. ሁለተኛ ታንኳ አሠራ። አሁንም ደንገሉ የኢትዮጵያ ነበር። የሠሩት ግን በደቡብ አሜሪካ ከምትገኘው ከቦሊቪያ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ይህኛው ታንኳ በ57 ቀን ውቅያኖሱን ተሻግሮ ባርባዶስ ከምትባል ደሴት ደረሰ። ዛሬ በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ በቤተ መዘክር ተቀምጧል። ሰው እየሄደ ያየዋል።

ሽማግሌው ታሪኩን ሰምተው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን።

«ግብፅ ደንገሏን ለምን አጣችው?»

«ረግረጉ እየደረቀ ለእርሻ ሆነ። በደንገል ላይ መጻፍም ቀረ። ስለዚህ የሚንከባከበው ጠፋ» አልናቸው። «አሁን እንደገና ተተክሎ ይገኛል። ግን እንደ ጥንቱ ዳር እስከ ዳር የሚበቅል አይደለም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው እኛም በዚያው መንገድ ላይ ነን» አሉ።

የገበሬው ነገር

በማግስቱ በሐይቁ ምሥራቅ በኩል በእግራችን ሄድን። እዚያ ሜዳው ሰፊ ነው። እርሻው እስከ ውሃው አፍ ድረስ ደርሷል። አንድ ገበሬ ሽምብራቸውን ሲጎበኙ አገኘን።

«አያ፣ እንደምን ዋሉ? እዚህ ደንገል አልነበረም እንዴ?» አልናቸው።

«ነበረ እንጂ» አሉን። «የነቀልኩትም እኔ ነኝ። ለምን እዋሻችኋለሁ? አባቴ የተወልን መሬት ለሦስት ወንድማማቾች ተከፈለ። እኔ ስድስት ልጆች አሉኝ። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ ሲሸሽ ይህ መሬት ወጣ። ደንገሉ ደረቀ። ሰው ሁሉ ሲያርስ እኔም አረስኩ። የመጀመሪያው ዓመት ሽምብራ እንዴት ያለ ነበር መሰላችሁ!»

በ1995 ዓ.ም. የጣና ውሃ በጣም ዝቅ ብሎ ነበር። ዝናቡ አነስተኛ ነበር። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ ደግሞ በ1988 ዓ.ም. የተሠራ የውሃ መቆጣጠሪያ ግድብ አለ። ከዚያ ለኤሌክትሪክ ኃይል ውሃ ይለቀቅ ነበር። በሁለቱ ምክንያት ሐይቁ ሸሸ። ጀልባዎች ወደ ዳር መጠጋት እንኳ ተቸግረው ነበር።

«ከዚያስ ምን ሆነ?» አልናቸው።

«ከዚያማ ውሃው ተመለሰ። ማዕበሉን የሚይዝ ደንገል የለ። በየክረምቱ የዳሩን አፈር እየበላ ወሰደው። ያ ድንጋይ ይታያችኋል?» ብለው ወደ ሐይቁ ጠቆሙ። ከዳር ራቅ ብሎ ውሃ ውስጥ አንድ ድንጋይ አናቱ ይታያል። «ያ የኔ ድንበር ነበር። ሐይቁን ገፋሁት፤ እሱም መልሶ ገፋኝ።»

ከዚያ ወደ ማሳቸው ጠርዝ ወሰዱን። በውሃውና በሽምብራው መካከል ቀጭን የደንገል ረድፍ ቆሟል። ገና ለጋ ነው፤ ቁመቱ እስከ ደረታችን ነው።

«ሃያ እርምጃ ትቻለሁ» አሉን። «አላርሰውም። ከሌላ ቦታ ጥቂት ሥር አምጥቼ ጭቃው ውስጥ ቀበርኩ፤ ያዘ። ሚስቴ መጀመሪያ ተቆጥታኝ ነበር። ‹ሃያ እርምጃ መሬት ስንት ቁና ሽምብራ ነው?› አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔም ሌሊቱን ሳስበው አድር ነበር። ግን እሱ ከቆመ ወዲህ ማዕበሉ ማሳዬን አልበላም። አሁን የቸገረኝ የጎረቤቶቼ ነው። እነሱ ካልተዉ ውሃው በነሱ በኩል ዞሮ ይመጣብኛል።»

እኛ ከኚህ ሰው አንድ ነገር ተማርን። ደንገል የሚነቅለው ሰው መሬት የጠበበው፣ ልጆች ያሉት ሰው ነው። እሱን መስደብ ደንገሉን አይመልሰውም። አንድ ሰው ብቻውን ዳሩን ቢተውም አይበቃም። ነገሩ የሚሆነው የሐይቁ ዳር ሰዎች ሁሉ ተስማምተው ሲተዉ ነው።

የሚነቀልና የሚታጨድ

እዚያው ሐይቅ ላይ ሌላ ተክል አየን። ቅጠሉ ያብረቀርቃል። አበባው ሐምራዊ ነው፤ ያምራል። ስሙ እምቦጭ ነው። እምቦጭ የጣና ልጅ አይደለም። የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። በጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በ2003 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሥሩ መሬት አይዝም፤ በውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ንፋስ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ይነዳዋል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ውሃውን እንደ ምንጣፍ ይሸፍነዋል። ዓሣ አጥማጅ መረቡን መጣል ያቅተዋል። ከብትም ውሃ መጠጣት ይቸግረዋል። ሕዝቡ ውሃ ውስጥ እየገባ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል።

እንግዲህ ሁለቱን እንለይ። እምቦጭ ይነቀላል። ደንገል ይታጨዳል እንጂ አይነቀልም። እምቦጭን ሲነቅሉ ደንገሉን አብሮ የሚነቅል ሰው አረም ሲያርም ጤፉን እንደሚነቅል ሰው ነው።

በ2007 ዓ.ም. ጣናና አካባቢው ዩኔስኮ በሚባለው የዓለም ድርጅት ዘንድ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብሎ ተመዘገበ። ይህ ማለት ሰውም ተፈጥሮም ሳይጎዳዱ አብረው የሚኖሩበት ቦታ ይሁን ማለት ነው። መመዝገቡ መልካም ነው። መዝገብ ብቻውን ግን ደንገል አያበቅልም።

ሽማግሌውና ገበሬው የነገሩንን ምክር ሰብስበን እነሆ፦

1. ደንገልን በማጭድ እጨዱ። ሥሩን አትንኩ። ከውሃው በላይ ቁረጡ።

2. የበሰለውን ብቻ እጨዱ። ለጋውን ለሚቀጥለው ጊዜ ተዉት።

3. በተራ እጨዱ። ዘንድሮ የታጨደው ቦታ ይረፍ። ደንገል ወደ ድሮ ቁመቱ ለመመለስ ብዙ ወራት ይፈልጋል። ሳያርፍ በየጊዜው ከታጨደ ይደክማል።

4. ለከብት ግጦሽ ብላችሁ እሳት አትልቀቁበት።

5. በእርሻና በውሃ መካከል የደንገል ዳር ተዉ። የዳሩን ስፋት ከጎረቤት ጋር ተስማምታችሁ ወስኑ።

ከመመለሳችን በፊት ሽማግሌውን ልንሰናበት ሄድን። ስለ ገበሬውና ስለ ሃያ እርምጃው ነገርናቸው። ጥቂት አሰቡና እንዲህ አሉ፦

«ደንገሉ ሲበስል ልጄ ሄዶ ያጭድለት። ሥሩን አይነካበትም። እሱ ዳሩን ይጠብቅ፤ እኛ ለደንገሉ እንከፍለዋለን። ያን ጊዜ ሚስቱም አትቆጣውም።»

ልጃቸው አጠገባችን ቆሞ ይሰማ ነበር። «መንገዱን ንገሩኝ» አለን። ነገርነው። በማግስቱ ጠዋት እኛ መኪና ስንሳፈር እሱ ታንኳውን ወደ ምሥራቅ ይዞ እንደሚወጣ ነግሮን ነበር። ይስማሙ፣ አይስማሙ ገና አልሰማንም። እኛ ግን መልካም እንዲሆን እንመኛለን።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ እናንተ የምትኖሩት ከጣና ርቃችሁ ሊሆን ይችላል። ግን በየአገሩ ጨፌ አለ፤ ምንጭ አለ፤ የወንዝ ዳር አለ። እስቲ እነዚህን ጥያቄዎች ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተወያዩባቸው። በእናንተ ቀበሌ በረግረግ ላይ የሚበቅል ተክል ምን አለ? ስሙ ምንድን ነው? ለምን ለምን ይጠቅማል? አያቶቻችሁ ሲያዩት ከነበረው ዛሬ በዝቷል ወይስ አንሷል? የቀነሰ ከሆነ ሃያ እርምጃውን ማን ይተው? ለተወውስ ሰው ምን ይደረግለት?